ፍሪጄ በየሁለት ወሩ ጋዝ ይጨርሳል፤ ልጄ ደግሞ «ሰማይ እየበሳሽ ነው» ይለኛል

ጭማቂ ቤት (ሸዋ ሮቢት)

እንዴት ሰነበታችሁ? ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ትንሽ ጭማቂ ቤት አለችኝ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፤ ለስላሳና ውሃም እሸጣለሁ። የዚህን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ። በደሴ መንገድ የሚያልፍ ሾፌር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀዝቃዛ አለ?» ብሎ ነው። የለም ካልኩት ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ይሄዳል።

ፍሪጄ ያገለገለ ነው፤ ባለ ሁለት በር። ባለፉት ስድስት ወራት ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞላ። ሁለቱንም ጊዜ ሰውዬው መጣ፣ ጋዙን ሞላ፣ ብሩን ተቀበለና ሄደ። ሁለት ወር ጥሩ ይሠራል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይደክማል። ይኸው አሁንም ማንጎው ለብ ማለት ጀምሯል።

በዚህ መሃል ሦስት ሰው ሦስት ነገር ነገረኝ። አንድ ሌላ ባለሙያ «ይሄ አዲሱ ጋዝ ደካማ ነው፤ የድሮውን ላምጣልሽ፤ የተከለከለ ነው፣ ግን እኔ አላጣውም» አለኝ። የባለቤቴ ዘመድ «ምን አስጨነቀሽ? የወጥ ቤት ጋዝ ይሞላልሽ፤ እኛ ቤት ሠርቷል» አለ። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጄ ደግሞ መጽሐፉን ይዞ መጥቶ «እማዬ፣ በየሁለት ወሩ ሰማይ እየበሳሽ ነው» አለኝ። ሳቅሁበት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ለሰማዩ ይሁን ለብሩ እንጃ።

ጋዙ የት ነው የሚሄደው? ኦዞን የሚባለውን ነገር እውነት ይነካል? የቱንስ ላስሞላ? ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አር-134ኤ፣ 140 ግራም» ይላል።

ባለ ፋኖሱ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ፍሪጅ መጠገን ከጀመርኩ 26 ዓመቴ ነው። ሰው ይስቅብኛል። «ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ፍሪጅ? መስኮቱን ክፈተው እንጂ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በታኅሣሥ ውጭ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል። ግን ሥጋ ቤቱም፣ ወተት ሰብሳቢውም፣ መድኃኒት ቤቱም ከደጄ አይጠፉም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። የፍሪጅ ጋዝ አያልቅም። መኪና ቤንዚን እንደሚጨርሰው አይደለም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ሞተሩ ይጨምቀዋል፤ ከኋላ ባለው ጥቁር ሽቦ ላይ ሙቀቱን ይተፋል፤ ከዚያ በጣም ቀጭን በሆነች ቱቦ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ይፈላል። አዎ፣ ይፈላል። 134ኤ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው። ለመፍላት ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት ከማንጎሽ ይወስዳል። ተመልሶ ወደ ሞተሩ። አንዲት ግራም ሳይጎድል ሃያ ዓመት ሊዞር ይችላል። ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍን የሞላልሽ ሰው በተቀደደ ስልቻ እህል ነው የሰፈረልሽ።

አሁን ወደ ሰማዩ። ልጅሽ ግማሹን ልክ ነው። ኦዞን ማለት ከላይ ሆኖ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደን ስስ የጋዝ ሽፋን ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝን ሰው ጋሼ ነበር የምላቸው። አንዲት የነሐስ ፋኖስ ነበረቻቸው። ከታች እሳት አላት፣ እሳቱ የሚያግላት የመዳብ ቁራጭ አለች፣ ከጎን ደግሞ ረጅም የጎማ ቱቦ። የቱቦውን አፍ በእያንዳንዱ ብየዳ ላይ ቀስ እያሉ ያስኬዱታል። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው። የሚያፈስበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አረንጓዴ ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አማተብኩ። ጋሼ ሳቁና «ሰይጣን አይደለም፤ ፍሬዮን ነው» አሉኝ።

ያኔ ደጃችን የሚመጡት አሮጌ ፍሪጆች አር-12 የሚባለውን የፍሬዮን ዓይነት ጋዝ የያዙ ነበሩ። ነበልባሉ ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን የገባኝ ከዓመታት በኋላ አንድ ሥልጠና ላይ ነው። ጋዙ ክሎሪን አለበት። ክሎሪኑ የጋለ መዳብ ሲያገኝ ነው ያ ቀለም የሚወጣው። አሠልጣኙ አስከትሎ ያለው ነገር ነው ክው ያደረገኝ። ኦዞኑን የሚበላውም ይኸው ክሎሪን ነው አለን። ስንት ዓመት ሌባውን በዓይኔ ሳየው ኖሬያለሁ!

አር-12 እዚህ ታች ምንም አያደርግም። አይነድም፣ አይመርዝም፣ ዝናብ አያጥበውም። የተወደደውም ለዚህ ነበር። ከእሱ በፊት ፍሪጅ የሚሠራው በአሞኒያና በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ቤት ውስጥ ካፈሰሰ ሰው ይጎዳል። ቶማስ ሚጅሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1928 በፈረንጆች (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱ ነው) ከባልደረቦቹ ጋር መላውን ሲያገኝለት ዓለም እፎይ አለ። (ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የጨመረውም ይኸው ሰው ነው። የአንዳንዱ ሰው እጅ አይባረክም።) ግን ታች የማይሞት ነገር መጨረሻው የት ነው? አየር ላይ 100 ዓመት ገደማ ይቆያል። ቀስ እያለ ኦዞኑ ካለበት ከፍታ ይደርሳል። እዚያ የፀሐይ ጨረር ይሰብረውና ክሎሪኑ ይፈታል። አንዷ የክሎሪን አተም እስከ 100 ሺህ የኦዞን ሞለኪውል ልታፈርስ ትችላለች። ማሪዮ ሞሊናና ሼርውድ ሮውላንድ ይህን በ1974 ሲጽፉ ጋዙን የሚሸጡት ሰዎች አጣጣሏቸው። በ1985 እንግሊዞች አንታርክቲካ ላይ ትልቁን መሳሳት አገኙ። በ1987 እነዚህን ጋዞች ለማስቀረት የሞንትሪያል ውል ተፈረመ። በ1995 እነ ሞሊና ከፖል ክሩትዘን ጋር ኖቤል ወሰዱ።

ያንቺው 134ኤ ግን ክሎሪን የለበትም። ኦዞኑን አይነካም። የጋሼ ፋኖስ እንኳ አታውቀውም፤ ፊቷ ስለቅቀው ነበልባሏ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። እሷን ጡረታ ያወጣት 134ኤ ነው።

«እሰይ፣ ተገላገልኩ» እንዳትይ። ይህ ጋዝ ሌላ አመል አለው፤ ሙቀት ይይዛል። አንድ ኪሎው ከ1,300 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራውን ይሠራል። ያንቺ ሁለት ሙሌት 280 ግራም ነው። ወደ ቤንዚን ስመነዝረው 150 ሊትር አቃጥለሽ እንደማለት ነው፤ ያውም አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሄጂ። በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች ተሰብስበው እነዚህንም ጋዞች እንቀንስ ያሉት ለዚህ ነው።

«የድሮውን ላምጣልሽ» ያለሽን ሰው አመስግነሽ ሸኚው። እንደኛ ባሉ አገሮችም አር-12 ማምረትና ማስገባት ከ2010 ጀምሮ ቆሟል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ምን እንዳለ እሱም አያውቅ። ደግሞም የሞተርሽ ዘይት ለ134ኤ የተመረጠ ነው፤ ቀጭኗ ቱቦም በእሱ ልክ ነው የተቆረጠችው። ደካማ ጋዝ የሚባል ነገር የለም። የሚያፈስ ቱቦ ነው ያለው።

የወጥ ቤቱን ጋዝማ ተዪው! እርግጥ ነው፣ አር-600ኤ የሚሉት አይሶቡቴን አለ፤ አሁን የሚመጡት አዳዲስ ፍሪጆች ብዙዎቹ በእሱ ነው የሚሠሩት። ለኦዞኑም ለሙቀቱም ጥሩ ነው። ግን የጠራ ነው፤ ሃምሳ ግራም ገደማ ብቻ ይገባል፤ ፍሪጁም ውስጡ ብልጭታ እንዳይኖር ሆኖ ነው የተሠራው። የወጥ ቤቱ ጋዝ ቅይጥ ነው፤ እርጥበትና የሽታ መድኃኒት አለበት። ያንቺ ፍሪጅ ቴርሞስታቱም፣ የበሩ መብራት ማብሪያም ሲነካ ብልጭ ይላል። አንድ ሌሊት ውስጥ ለውስጥ አፍስሶ ጠዋት በሩን ስትከፍቺ አስቢው። እኔ ራሴ አንድ ቀን የ600ኤ ፍሪጅ ወረቀቱን ሳላነብ የብየዳ እሳት ሰድጄበት ቅንድቤ ሁለት ወር አልበቀለም። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን አብራኝ መሄድ አፍራ ነበር።

አሁን ይህን አድርጊ። ከሞተሩ አጠገብ መጀመሪያ የሞላልሽ ሰው የተወው አጭር የመሙያ አፍ ይኖራል፤ ቫልቭ እንለዋለን። ፍሪጁን ነቅለሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው። ሲሠራ አትሞክሪ፤ ያኔ በዚያ በኩል ግፊቱ በጣም ዝቅ ስለሚል አረፋ ላይወጣ ይችላል። ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል። ወፍራም የሳሙና አረፋ ቀቢበትና አጎንብሰሽ ተመልከች።

ወንዝ ዳር (አጣዬ)

ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ የኦዞን ነገር ለእኔ ተረት ነው። አንደኛ፣ ጋዙ ከአየር ይከብዳል። ሲሊንደር የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ ሲለቀቅ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። በምን ክንፉ ነው ሃያ ኪሎ ሜትር የሚወጣው? ሁለተኛ፣ ፈረንጅ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲነፋው ኖሮ አሁን የአንዲት ምስኪን ጭማቂ ቤት ላይ ይፈረዳል? ሦስተኛ፣ ዘንድሮ አጣዬ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የኦዞኑ ቀዳዳ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ኬሚስትሪ 11ኛ (ደብረ ሲና)

ወንዝ ዳር፣ አንተ ጉደኛ ነህ። በአንደኛው ጋዙ ወደ ላይ አይወጣም አልክ፤ በሦስተኛው ቀዳዳው አናቴን አቃጠለኝ አልክ። አንዱን ምረጥ።

ክብደቱን በተመለከተ፣ አር-12 ከአየር አራት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ዝግ ክፍል ውስጥ ብትለቀው መጀመሪያ ወለል ለወለል ይሄዳል። ግን ጠላ የሚዘቅጠው ጋኑ ካልተነካ ነው። ከባቢ አየር ያለማቋረጥ የሚማሰል ጋን ነው። እኛ ጣርማ በር ሥር የምንኖር ሰዎች ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ አንድ ቀን ከዋሻው አናት ወጥተህ ጋቢህን ይዘህ ቁም። ሳይንቲስቶች በፊኛና በአውሮፕላን ላይ ወጥተው ጋዙን እዚያው ለክተውታል። ክርክሩ ካለቀ ቆየ።

የአጣዬ ሙቀት ሌላ ጉዳይ ነው። ኦዞን የሚከለክለው አልትራቫዮሌት ጨረርን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ትልቁ መሳሳት የሚታየው አንታርክቲካ ላይ ነው፤ በእነሱ ፀደይ፣ በእኛ ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ። እዚያ ሰማዩ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ልዩ ደመና ይሠራል፤ ክሎሪኑ ጉልበት የሚያገኘው በዚያ ደመና ላይ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የመጣው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው። እናንተን የሚያቃጥላችሁ ቆላነታችሁ ነው። እንዲያውም በጨረሩ ከእናንተ ይልቅ የምንጠበሰው እኛ ደገኞቹ ነን፤ አንድ ሺህ ሜትር በወጣህ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ አሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ነው ብሎ ባዶ ራሱን የሚውል እረኛ ይህን ቢያውቅ ኮፍያ ይገዛ ነበር።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ከራሳችን በላይ ያለውን ኦዞን በሙሉ አውርደህ መሬት ላይ ብታነጥፈው ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከእንጀራም ይሳሳል። በእሷ ነው የተጠለልነው። ደስ የሚለው፣ እያገገመ ነው። ውሉ ከተከበረ ከዋልታዎቹ ውጭ በፈረንጆች በ2040 ገደማ፣ አንታርክቲካ ላይ በ2066 ገደማ ወደ 1980 መጠኑ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል።

ጀማሪው (መሐል ሜዳ)

ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ ጋሽ ባለ ፋኖሱ፣ እኔ ሙያውን የጀመርኩት ዓምና ነው። ከመሙላቴ በፊት አየሩን ከቱቦው የምመጥበት የቫኪዩም ፓምፔ፣ የግፊት መለኪያውን ጌጅ 30 ላይ ማድረስ አቃተው። 20 አካባቢ ደርሶ ቀጥ ይላል። የሸጠልኝን ሰው ልጣላው ነው።

ባለ ፋኖሱ (ደብረ ብርሃን)

ጀማሪው፣ ሰውዬውን አትጣላ! ፓምፕህ ደህና ነው። 30 የሚለው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው የተጻፈው። እኛ የምንኖረው ሰማይ ጥግ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አልፏል፤ አየሩ ስስ ነው፤ ፓምፑ የሚያወጣው ራሱ ትንሽ ነው። እዚህ የእኔ ጌጅ 21 አካባቢ ይቆማል። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ያው ፓምፕ 25ን ያልፋል። እኔም በወጣትነቴ በዚህ ምክንያት አንድ ደህና ፓምፕ ፈታትቼ አበላሽቻለሁ። ስትሞላም የሰንጠረዡን ግፊት እንዳለ አትከተል፤ ደጋ ላይ ጌጁ ለዚያው ቅዝቃዜ አራት ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚያሳይህ። ይልቅ ሚዛን ግዛ። 140 ግራም ካለ 140 ግራም ሞልተህ ዝም። ሚዛን ከፍታ አያውቅም።

ወንዝ ዳር፣ መምህሩ አንደኛህንና ሦስተኛህን ጨርሰዋቸዋል። ሁለተኛህ ላይ ግን እውነት አለህ፣ እኔም ይቆረቁረኛል። ቢሆንም ውሉ ይህን አልዘነጋም። ሀብታሞቹ አገሮች ሲኤፍሲን (እነ አር-12ን ማለት ነው) በ1996 እንዲያቆሙ ሆነ፤ እንደኛ ላሉት እስከ 2010 ጊዜ ተሰጠ። ለሽግግሩ ገንዘብ የሚያዋጡበት ፈንድም አቋቋሙ። በየቦታው የምናየው አር-22 የሚባለው ጋዝም ክሎሪን ስላለበት ተራው ደርሶታል፤ ለእኛ ቀጠሮው 2030 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለጥገና ትንሽ ብቻ። ስለዚህ እህታችን ላይ የፈረደ የለም።

ከተፈረደስ በእኔ ነው መፈረድ ያለበት። ልናዘዝ መሰለኝ። ሞተር ስንቀይር መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ቱቦውን በቆረጣ ጠቅ ማድረግ ነበር። ፊሽሽሽ ይላል። አንድ ደቂቃ። ጣትህን ካስጠጋህ ያደርቅሃል፤ የግራ አውራ ጣቴ ላይ ምልክቱ አለ። ያ ሁሉ አር-12 ነበር። በሳምንት ሁለት፣ ሦስት ፍሪጅ። ስንት ኪሎ እንደለቀቅሁ ቆጥሬው አላውቅም። የ100 ዓመት ዕድሜ ካለው እስካሁን እዚያው ላይ ነው፤ የእኔ የደብረ ብርሃኑ ጋዝ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ያቀኑት ከተማ ላይ ቁጭ ብዬ ወደዚያው ሰማይ ስነፋ ከረምኩ። ዛሬ በከረጢትም ቢሆን፣ በባዶ ሲሊንደርም ቢሆን እሰበስበዋለሁ። ጎረቤት ሱቅ ያሉ ልጆች ጊዜ ታባክናለህ ይሉኛል። ይበሉ።

እግረ መንገዴን፣ የድሮ ፍሪጅ ቆርጣችሁ ሣጥን ወይም የጫጩት ማስፈልፈያ የምትሠሩ ሰዎች አደራ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቢጫ ስፖንጅ ራሱ በሌላ ሲኤፍሲ የተነፋ ነው። ከቱቦው ይልቅ ስፖንጁ ውስጥ የሚበዛበት ጊዜ አለ። እንዳለ ተጠቀሙበት እንጂ አትሰባብሩት፤ ማቃጠልማ ነውር ነው።

ጭማቂ ቤት (ሸዋ ሮቢት)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ፍሪጁን ከግድግዳው ስናላቅቀው መጀመሪያ የወጣው የበረሮ መንደር ነው፤ እሱን ተዉት። ከዚያ ልጄ በስልኩ አበራልኝ፣ እኔ የልብስ ሳሙናውን መትቼ በጥርስ ብሩሽ ቀባሁ። ብየዳዎቹ ላይ ምንም የለም። ያሉኝ አጭር አፍ ላይ ግን ክዳኑም የለም! አረፋው ትንሽ ቆየና አበጠ፤ ፈነዳ፤ ደግሞ አበጠ። ልክ እንደ ሽሮ ትክ ትክ ይላል። ለሁለቱ ሙሌት የከፈልኩት ብር ሲተነፍስ በዓይኔ አየሁት።

ያ ሰው ጋ ደወልኩ። «ክዳኑ አይጠቅምም» አለኝ። ዘጋሁበት።

አሁን ያበጠው ነገር ላይ ማስቲሽ ለጥፌ ላቆየው ወይስ እርስዎ ይመጣሉ? ልጄ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎ ቆሞብኛል። ያቺ ፋኖስ አሁንም አለች ወይ ይላል። አረንጓዴውን ማየት ይፈልጋል።

ባለ ፋኖሱ (ደብረ ብርሃን)

ማስቲሽ አይችለውም። ውስጧ ያለችው ትንሽ መርፌ ናት ያረጀችው። የቀረውን ጋዝ ሰብስቤ አፉን ቆርጬ በብየዳ እዘጋዋለሁ፤ ፊልተሩን ቀይሬ፣ ቫኪዩም አድርጌ በሚዛን 140 ግራም እሞላለሁ። እስከዚያ ነቅለሽ አቆዪው፤ እንዲህ እያፈሰሰ ከሠራ አየርና እርጥበት ይስባል፣ ሞተሩም ይጎዳል። ለለስላሳው ከጎረቤት በረዶ ተበደሪ።

ለልጁ ንገሪው፣ ፋኖሷ አለች። ጋሼ ሲያርፉ ልጆቻቸው ለእኔ ሰጡኝ። ይዣት እመጣለሁ። ግን በእናንተ ፍሪጅ ሰማያዊ ሆና ነው የምትቀረው፤ እንዳይከፋው። አረንጓዴ የሚያደርግ አር-22 ሱቄ ውስጥ ትንሽ አለኝ። ለማሳየት ብዬ ግን አለቅቀውም።

ሰኞ ከሰዓት እወርዳለሁ። በረሮዎቹን አስወጥታችሁ ጠብቁኝ።